ምሎ አዳሪ

በመሐላ ቀን ጠዋት ውሃ አልቀምስም። ተጣጥቤ፣ ጥፍሬን ቆርጬ፣ ኩባንያው የሰጠኝን ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ ከወለላ ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ እወጣለሁ። ወለላ ሚስቴ ናት። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን «ምነው፣ ደህና ዋይ እንኳ አይባልም?» ትለኝ ነበር። ደንብ ነው፣ ከመሐላ በፊት አፍ አይከፈትም አልኳት። እሷም እያደር ለመደችው። በሩን ትከፍትልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ እኔም እሄዳለሁ።

ከቤታችን እስከ መሐላ አዳራሹ ድረስ ቁልቁለት ነው። ደሴ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱ ላይ ይተኛል። ሰዎች ጋቢዬን ሲያዩ መንገድ ይለቁልኛል፣ በአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ከሆነች ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ጣል ታደርጋለች። ባለሱቁም ጨው ስገዛ በእጄ አይሰጠኝም፣ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ዘወር ይላል። አልቀየማቸውም። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ሥራዬ መማል ነው። መታወቂያዬ ላይ «የቃል ወኪል» ይላል፣ ሰዉ ግን «ምሎ አዳሪ» ይለኛል። ሠርቶ አዳሪ፣ ነግዶ አዳሪ፣ ምሎ አዳሪ። ስድብ ነው፣ ውሸት ግን የለበትም።

ልጆች ላታስታውሱት ትችላላችሁ እንጂ ድሮ ሰው ሲካሰስ ምስል፣ ድምፅ፣ ፊርማ ያቀርብ ነበር። በኋላ ማሽኖቹ የማንንም ፊት፣ የማንንም ድምፅ፣ የማንንም ፊርማ አስመስለው ማውጣት ጀመሩ። እኔው ራሴ አባቴ ከሞተ በኋላ ቤት ሲሸጥ የሚያሳይ ምስል ቀርቦብኝ ቤቱን ተነጥቄአለሁ። አባቴ ራሱ ቢያየው «ሸጬ ነበር እንዴ?» የሚያሰኘው ነበር። ፍርድ ቤቶቹ ታከታቸውና የንግዱን ጠብ ለሃይማኖት አባቶች ለቀቁት። ማስረጃ ሆኖ የቀረው የሰው ነፍስ ብቻ ነው።

የንግድ ጠብ ስል የስም ኪራይ ጠብ ማለቴ ነው። ሌላ ንግድ የት አለና? ዛሬ በገዛ ስሙ የሚነግድ ሰው የለም። ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ አስከሬን ገናዡ ሳይቀር ከአንድ ባለስም ኩባንያ ስም ተከራይቶ ነው የሚያድረው። እኔ የምምልለት ኩባንያ «እንጎቻ ዳቦ» ይባላል። ስም ተከራዩ የራሱን ቤት በስሙ ሥር ያስገባል። እርሾውን ከኮምቦልቻ መጋዘን በታሸገ በርሜል ይቀበላል፣ በርሜሉም እንደታሸገ ከማቡኪያው ይገጠማል እንጂ አይከፈትም። የራሱን እርሾ አንዲት ማንኪያ ከጨመረበት ውሉ ፈረሰ፣ ቤቱም የባለስሙ ሆነ ማለት ነው።

ሲጣሉ አባ ወልደ ሰንበትና ሼህ ኑሩ ፊት ይቀርባሉ። ሁለቱም ደግ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጧፍ ይለኮሳል። ጧፏ ሰዓት ናት። መጀመሪያ ስም ተከራዩ ይጠየቃል፤ ከማለ ቤቱ ይጸናለታል። አልምልም ካለ ተራው የኔ ነው። እኔ ከማልኩ ባለስሙ ይወስዳል። ጧፏ ነዳ እስክታልቅ ካልማልኩ ደግሞ ክሱ ይወድቅና ቤቱ ለተከራዩ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ሕግ የለም።

እውነት የያዘ ሰው ታዲያ ለምን አይምልም ትሉ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ ከሆነ የዚህ አገር ሰው አይደላችሁም። የማይምለው እኮ እውነት የያዘው ነው። «በእውነትም ቢሆን አትማል፣ መሐላ ቤት ይፈታል» እየተባለ ነው ያደገው። ምሎ ቤቱን ያተረፈ አንድ ሰውዬ አውቃለሁ፤ ጎረቤት እሳት መጫጫር ተወው፣ ለልጁም ሚስት የሚሰጠው ጠፋ። ስለዚህ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ልጆቹን ያያቸዋል፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ኩባንያ ግን የመከረው አያት የለውም። ኩባንያ እኔ አለሁት።

የመረጡኝም የሚነካ ስለሌለኝ ነው። እናት አባት የለኝም፣ ወንድም እህት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። መሐላው «የተናገርኩት ሐሰት ቢሆን በራሴ፣ በዘሬ፣ በልጄ ይድረስ» ነው የሚለው፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ ማረፊያ ያጣል። በየዓመቱ ኮምቦልቻ ተጠርቼ «አዲስ የመጣ ሰው አለ?» እባላለሁ። የለም እላለሁ፣ እፈርማለሁ። ሚስትስ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ሚስት ዘር አይደለችም አሉኝ። አንድ ሽማግሌ ስም ተከራይ «ልጅ የሌለው በምን ይምላል? ይሄ በሰው ከብት መማል ነው» ብለው አባን ሞግተዋል። አባ «ደንቡ ሰው ይቅረብ ይላል እንጂ አባት ይቅረብ አይልም» አሏቸው። እያዘኑ ነው ያሏቸው፣ ግን አሏቸው።

እንዲህ እያለ ወለላ አረገዘች።

ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ተስፋ ቆርጠን፣ መቁረጣችንንም ረስተን፣ አርባዎቹን አልፋ ነበር። ነገሩን ለኩባንያው መናገር ግዴታዬ ነው፤ ከተናገርኩ ከሥራ እባረራለሁ፣ የምንኖርበትም ቤት የኩባንያው ነው። ምሎ አዳሪ የነበረን ሰው ደግሞ ማን ይቀጥራል? በዘበኝነት እንኳ አያስጠጉኝም። ዝም አይነቅዝም አልኩና ዝም አልኩ። ወለላም ሰፊ ቀሚስ መልበስ ጀመረች።

አንድ ጠዋት ሆጤ ሰፈር ካለው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሳለች ራሷን ሳተች። ዳቦ ቤቱ የእትዬ ዘምዘም ነው፣ የእንጎቻ ስም ተከራይ ናቸው፤ ቤቱ ግን ከስሙ በፊት የእናታቸው ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው ደግፈው ወደ ጓዳ አስገቧት። ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው፣ ሴት ናቸው። ተጠርቼ ስደርስ ወለላ መደብ ላይ ተቀምጣ እፍኝ የምታህል ዳቦ ትበላለች። የኩባንያው ዳቦ እንዳልሆነ ጠረኑ ይናገራል። ጥግ ላይ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ቡሃቃ አለ።

«የእናቴ እርሾ ነው» አሉኝ እትዬ ዘምዘም፣ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይተው። «ለልጆቼ ብቻ ነው የምጋግርበት፣ ሱቁ አይገባም። አንተም የማን ሰው እንደሆንክ አውቃለሁ። የሚስትህ ነገር ካፌ አይወጣም፣ አትስጋ።»

«የእርስዎም ካፌ አይወጣም» አልኳቸው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ለዓመቱ ጥያቄ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ቆሞ ሰንብቷል። ገና በሩ ላይ ጠረኑ አፍንጫዬን መታኝ፤ እርሾ ሲበላሽ ምን እንደሚሸት ለማወቅ ጋጋሪ መሆን አያስፈልግም። ሠራተኞቹ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በርሜል ይጭናሉ።

«ይሄ የት ነው የሚሄደው?» አልኩ።

«ደሴ፣ ሆጤ።»

«ይሄ?»

«እኛ ጫኑ ተባልን፣ ጫንን።»

ገባሁና «አዲስ የመጣ ሰው የለም» ብዬ ፈርሜ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት የሆጤ ሰው ግማሹ ሆዱን ይዞ ተኛ። እትዬ ዘምዘም ዳቦው ሲወጣ ጠረኑ አልጥም ብሏቸው ሽያጩን አቁመዋል፣ የጠዋቱ ግን ተበልቶ ነበር። ኩባንያው ከሰሳቸው። በርሜሉ ንጹሕ ነበር፣ የቡሃቃቸውን እርሾ ቀላቅለው ነው ሰዉን ያሳመሙት አለ። ስለ ቡሃቃው ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔ አይደለሁም።

የቃል ክፍል ኃላፊያችን ሳምራዊት ትባላለች። ወጣት ናት፣ ትሑት፣ ለጽዳት ሠራተኛው ሳይቀር ከመቀመጫዋ የምትነሣ። የምምለውን ቃል አነበበችልኝ፤ «ከኮምቦልቻ የወጣው እርሾ ንጹሕ ነበር፣ የተበላሸው በወይዘሮ ዘምዘም ቡሃቃ ነው።»

«እኔ እኮ ያን ቀን ኮምቦልቻ ነበርኩ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ ደምሰው» አለችኝ። «እርስዎን የመረጥነው ለዚሁ ነው። በቦታው ነበሩ።»

ለወለላ የነገርኳት እራት ላይ ነው። ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው።

«እርሾው ከማን ነው የተበላሸው?»

«ከኛ ነው።»

«አሽትተኸዋል?»

«አሽትቼዋለሁ።»

ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «ሁለቱ የወረዱብኝ በምን እንደሆነ ጎረቤት ምን እንደሚል ታውቃለህ።»

«እኔ በዚህ አላምንም።»

«አንተ አመንክ አላመንክ መሐላው ምን ቸገረው?»

«ታዲያ ምን ልሁን? ካልማልኩ የት ልትወልጂ ነው? መንገድ ላይ?»

«እኔ አላውቅም፣ ደምሰው። እኔ የማውቀው ሆዴ ውስጥ ያለውን ነው» አለችና ተነሥታ ሳህኑን አነሣች።

በበነጋው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እትዬ ዘምዘም ትልቋን ልጃቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሼህ ኑሩ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቋቸው።

«እህቴ ዘምዘም፣ ትምያለሽ?»

«አልምልም። የልጅ ልጆች አሉኝ፣ በነሱ ላይ የአላህን ስም አልጠራም። እውነቱን አላህ ያውቀዋል።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይሄም ሰው ያውቀዋል።»

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ለምጄዋለሁ። ቀኝ እጄን መጽሐፉ ላይ አደረግሁ፣ ጧፏ ተለኮሰች። እኔ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሰም ጠብ ሳይል ነው ምዬ የምወርደው፤ ሳምራዊትም «ጋሼ ደምሰው ሰም አያባክኑም» እያለች ታሞግሰኛለች። ያን ቀን ግን አፌ ተሳሰረ። ውሃ ስላልጠጣሁ ነው ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ። ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። በልጄ የምትለዋን ቃል ልላት አልቻልኩም።

ሰሙ ጠብ ጠብ ይላል። እትዬ ዘምዘም ማድረግ ያለባቸው ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ትንሽ ዝም ቢሉ የእናታቸው ቤት ቤታቸው ሆኖ ይቀራል። ልጃቸው እጃቸውን ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። ጧፏ የጣት ኩርማን ያህል ስትቀር ሳምራዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔም አፌን ከፈትኩ።

«የተናገርኩት ሐ…»

«ተው» አሉ እትዬ ዘምዘም። ከልጃቸው እጅ ተላቅቀው ቆሙ። «ተው ልጄ፣ አትማል። ቤቱን ውሰዱት፣ ይሄን ሰው አውርዱት።»

አባ ወልደ ሰንበት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እህታችን፣ ጧፏ ልታልቅ እኮ ነው። ጥቂት ብትታገሺ…»

«ሊምል ነው አባ፣ አየሁት። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ያልተወለደ ምን አጠፋ?» ቁልፋቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «የአባት ዕዳ ለልጅ ነው። ቤት ለቅቄ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ይሄን ይዤ ግን አይወስደኝም።»

ልጃቸው እያለቀሰች ተከተለቻቸው። ልምል ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ኮሪደሩ ላይ ጋቢዬን አውልቄ አጣጥፌ ሳምራዊትን ጠበቅኋት። መቼም አልቆልኛል። መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ዓይኗ ግን እትዬ ዘምዘም በወጡበት በር ላይ ነው።

«በዚህ ምክንያት ነው የለቀቁት?» አለችኝ። «ለልጁ ብለው?»

«አዎ።»

«እውነቱ የሳቸው ሆኖ ሳለ?»

ጋቢውን ዘረጋሁላት። እሷም ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጋቢውን ከእጄ ወስዳ ዘርግታ ትከሻዬ ላይ መልሳ አለበሰችኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ ደምሰው» አለች። «ስትወልድ እንዳትደብቁን።»

ወለላ ሴት ልጅ ወለደች። ካሳነሽ አልናት። ልጅቷ ክርስትና ሳትነሣ የኩባንያው ደንብ ተለውጦ ነበር። ከእንግዲህ የቃል ወኪል ሕፃን ልጅ ያለው ይሁን፣ ልጁም በመሐላ ቀን አዳራሽ ይገኝ ይላል። እንደኔ ልጅ አልባ የነበሩት የሌላ ከተማ ምሎ አዳሪዎች ተሰናበቱ። ለኛ ከኮምቦልቻ ለስላሳ አንቀልባ ተላከልን፣ ጠርዙ ላይ የእንጎቻ ምልክት የተጠለፈበት። ለወለላም ከፊት ወንበር ላይ ቦታ ተያዘላት።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ጫማዬን አውልቄ እወጣለሁ። ጧፍ ይለኮሳል። ካሳነሽ ከእናቷ ጭን ላይ እግሯን ታወራጫለች፣ መብራቱን አይታ ትስቃለች፣ አንዳንዴ አፏን ሞልታ ታዛጋለች። ስም ተከራዩ እኔን ያያል፣ እሷን ያያል፣ እንደገና እኔን ያያል። ሰም ጠብ ከማለቱ በፊት «ተው፣ አትማል» ይላል። ሁሉም አሉ። አንድ ሰካራም፣ አንድ ነገረኛ፣ አንዲት በምላሷ ሰፈር ያስለቀቀች ሴትዮ እንኳ ሳይቀሩ አሉ። ያን ዓመት አንድ ጊዜም አልማልኩም፣ አንዲት የሐሰት ቃል ካፌ አልወጣችም። እንደዚያ ንጹሕ ሆኜ አላውቅም። ቤቱ ግን ሁሉ የባለስሙ ሆነ።

ወለላ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። «ብቻ አትምልም እንጂ» ትላለች። እያደር ግን ከአዳራሽ ስትመለስ ልጅቷን ደጋግማ ማጠብ አመጣች።

እትዬ ዘምዘም ሸዋበር ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ከቡሃቃቸው ለጎረቤት እየጋገሩ ያድራሉ፣ ያለ ስም፣ ተደብቀው። ካሳነሽ ጥርስ ልታወጣ ያለች ሰሞን ቤታችን መጡ። ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽዬ እንጎቻ አወጡ፣ እውነተኛዋን እንጎቻ፣ ለልጅ ተብሎ ከሊጡ ተርፋ የምትጋገረውን።

«ለልጅቷ ነው» አሉ። ካሳነሽ ጉልበቴ ላይ ሆና በድዷ ታመነዥገው ጀመር። እሳቸው ፈገግ ብለው አዩአት። «አሁንስ ሥራ ቀየርክ?»

«አልቀየርኩም። ግን አልምልም።»

«እንዴት ሆኖ?»

ወለላ ነገረቻቸው። አንቀልባውን፣ የፊት ወንበሩን፣ ሰዉ ሁሉ ተው እንደሚል፣ አንድም ሳታስቀር። እትዬ ዘምዘም እየሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ሰምተው ሲጨርሱ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ።

«እኔ ነኛ» አሉ። «በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ለአንዲት ነፍስ ብዬ ያደረግኩትን… አላህ ይቅር ይበለኝ። ስንቱን ቤት አስለቀቅኩ?»

«እርስዎ ምን አጠፉ?» አለች ወለላ።

አልሰሟትም። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ። «ደምሰው፣ እስቲ ንገረኝ። አሁን ሰው ዝም ቢልህ፣ ተው የሚልህ ቢጠፋ፣ ይቺን ፊትህ አስቀምጠህ ትምላለህ?»

ካሳነሽ የራሰውን ዳቦ ከአፏ አውጥታ ወደኔ ዘረጋች፣ ላጉርስህ ብላ። ጎረስኩላት።

«እንዴት ብዬ?» አልኳቸው። «እንዴት ብዬ በሷ እምላለሁ?» ከልቤ ነው ያልኩት። ዛሬም ከልቤ እንደነበረ አውቃለሁ።

«እንግዲያ ዝም እንዲሉ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «ሰውዬው ልጁን ይወዳል፣ አይምልም፣ ዝም ብላችሁ ጧፏን ጠብቁ እላቸዋለሁ።»

«ይንገሯቸው» አልኩ።

ቀጣዩ ችሎት የእንድሪስ ነበር። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ የእንጎቻ ስም ተከራይ ነው፣ የሙት ልጆች የሚያሳድግ ዝምተኛ ሰው። ዳቦ አሳንሷል ተብሎ ነው የተከሰሰው፤ የሚያሳንሰው ኩባንያው የላከው መቁረጫ መሆኑን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። እትዬ ዘምዘም ከጀርባው ተቀምጠዋል። ስገባ በዓይናቸው ሰላም አሉኝ፣ እንደ ዘመድ።

እንድሪስ «አልምልም» አለ። እኔ ወጣሁ። ጧፍ ተለኮሰ። ካሳነሽ ሳቀች። እንድሪስ እኔን አየኝ፣ እሷን አያት፣ ከንፈሩ ሊላወስ ሲል እትዬ ዘምዘም ከኋላ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። ራሱን አቀረቀረ፣ ዝም አለ።

ሰም ጠብ አለ። ልቤ ቀለል አለኝ፣ እውነቴን ነው። አሁን ዝም ብዬ ብቆም ያልቃል አልኩ። ቤቱ ለእንድሪስ ይቀራል፣ እኛም የሆንነውን እንሆናለን። ወለላን አየኋት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ራሷን እየነቀነቀች «አዎ» ትለኛለች።

ከዚያ ሳምራዊትን አየኋት። እኔን አላየችም። የምታየው ከበሩ አጠገብ ያለውን የኋላ ወንበር ነው። እዚያ አንድ ወጣት ሕፃን ታቅፎ ተቀምጧል፣ ሚስቱም አጠገቡ። አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሷል፤ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ሕፃኑ የኛን ዓይነት አንቀልባ አለው።

ስለ ቤታችን አሰብኩ። ስለ ወተቷ አሰብኩ። ክረምት እየመጣ ነው አልኩ። እኔ ባልምል ያ ወጣት ነገ ይምላል፣ እንድሪስ ቢተርፍ ሌላው አይተርፍም አልኩ። ሰው ራሱን ሲያሳምን ምክንያት አያጣም። ወለላ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ብቻ ፊቴን እያየች ሁለት መዳፏን አነሣችና የካሳነሽን ጆሮዎች ከደነች።

ቃሉን አንድ ባንድ አልኩት። «የተናገርኩት ሐሰት ቢሆን፣ በራሴ፣ በዘሬ፣ በልጄ ይድረስ።» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ጧፏ ገና ግማሽ ነበረች።

አባ ወልደ ሰንበት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንድሪስ ቁልፉን አስቀምጦ ወጣ። እትዬ ዘምዘም ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ወደኔ አልዞሩም። ወደ ወለላ ሄዱ፣ እጃቸውን በካሳነሽ ላይ ዘርግተው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ ወለላ ልጅቷን ከአንቀልባው አውጥታ በነጠላዋ አዘለቻትና ተከትላቸው ሄደች። አንቀልባው ወንበሩ ላይ ቀረ። ሳምራዊት አንሥታ አራገፈችው።

ሥራው አለ። ተው ለሚሉት ወጣቱ ከነሕፃኑ ይቀርባል፣ ዝም ለሚሉት እኔ፤ ልጁ ይገኝ የሚለው ደንብ ለኔ ቀርቷል። ዝም የሚሉት በዝተዋል። ወለላና ካሳነሽ ሸዋበር ከእትዬ ዘምዘም ጋር ናቸው። ልጅቷ እንዴት ናት ብዬ ሰው ስጠይቅ ደህና ናት ይሉኛል። ባለፈው ጉንፋን ይዟት ነበር ሲሉኝ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም፣ ከዚያ ተሻላት አሉኝ። በዚህ አላምንም ያልኩት ሰውዬ ነኝ እንግዲህ።

ትናንት የመሐላ ቀን ነበር። ታጥቤ፣ ጥፍሬን ቆርጬ፣ ውሃ ሳልቀምስ፣ በሸዋበር በኩል ዞሬ ሄድኩ። ከእትዬ ዘምዘም ጓዳ የዳቦው ጠረን ይወጣል። ወለላ ካሳነሽን አዝላ ከበሩ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልጅቷ አወቀችኝ መሰለኝ፣ ከእናቷ ትከሻ ላይ አንገቷን ሰገግ አድርጋ እጇን ዘረጋች። ወለላ ጋቢዬን አየች። መንገዱን ለቀቀችልኝና ነጠላዋን በካሳነሽ ፊት ላይ ጣል አደረገች። ደንብ ነውና አፌን ሳልከፍት አልፌያቸው ቁልቁለቱን ወረድኩ።